የደንጎሬ ድመቶች ነጭ ጉሮሮ

ከደንጎሬ የድመት ግልገል ሊቀበል የሄደ ሰው መጀመሪያ የሚሰማው ምርቃት አይደለም፤ ነውር ነው። ባለቤቲቱ ግልገሏን በግራ እጇ አቅፋ ወደ ደጃፍ ትወጣለች፤ በቀኝ እጇ አገጯን ቀና ታደርግና ከጉሮሮዋ ሥር ያለችውን የጥፍር ስፋት የማታክል ነጭ ጠጉር ለእንግዳው ታሳያለች። «ይኸውልህ፣ ነጭ አለባት» ትላለች። ቀጥላ ደግሞ የገዛ ራሷን ወይም የቤቷን አንድ ነውር ትናገራለች። «ባሌ ቁጡ ነው» ልትል ትችላለች፤ «እኔ ሰው ማማት እወዳለሁ» የምትልም አለች፤ ባለፈው ክረምት አንዱ «የወንድሜን ድንበር አንድ ክንድ ገፍቼ አርሻለሁ» ብሎ ወንድሙ እዚያው ቆሞ ሰምቶታል፤ የዚያን ቀን የሆነውን ተዉት። ብቻ የሚነገረው ነገር እውነት መሆን አለበት። የድመቷ ዘር በእናቷ በኩል እስከ ሰባት ቤት የሚቆጠረው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። የአገሩ ሰው ሥርዓቱን «ጉሮሮ ማሳየት» ይለዋል። ልጅ ለማጨት ሽማግሌ ሲላክም የልጅቱ አባት ስለ ሴት ልጁ ሙያ አንድ ቃል ከመተንፈሱ በፊት «እስቲ መጀመሪያ ጉሮሯችንን እናሳያችሁ» ብሎ ይጀምራል፤ ከሌላ አገር የመጡ ሽማግሌዎች ይህን ሲሰሙ እርስ በርሳቸው ይተያያሉ።

የደንጎሬን ድመት አንድ ጊዜ ያየ ከሌላ ድመት ጋር አያምታታትም። ጠጉሯ አጭር ነው፤ እጅ ሲያሳርፉበት አዲስ የተላጨ ራስ የነኩ ያህል ከቆዳዋ ተጣብቆ ይገኛል። ቀለሟ ከሩቅ ሲታይ የተቆላ ሽምብራ ነው፤ ቀረብ ብለው አንዷን ጠጉር ነጥለው ቢያዩ ግን ሥሯ ቀላ ያለ፣ ወገቧ ወርቅማ፣ ጫፏ ጥቁር ሆና ያገኟታል። ጆሮዎቿ ትላልቅ ናቸው፤ ዓይኖቿ ዙሪያቸውን ኩል የተኳሉ ይመስላሉ። ጭን ላይ መተኛት አይሆንላትም፤ ቆጡም ጎተራውም የሰው ትከሻም፣ ከፍ ያለ ነገር ሁሉ የእሷ ነው። ከቤቱ ሰው አንዱን መርጣ ወደደች ማለት ወደደች ነው፤ ሌላው ቢያባብላት ቢያባብላት ዘወር ብላም አታየው። ድምፅ የላትም ለማለት ይቻላል፤ ሲርባት አፏን ትከፍታለች እንጂ ስትጮህ የሰማት ሰው ጥቂት ነው።

ስለ ነጯ ጠጉር የተጠየቁ እንደሆነ የደንጎሬ ሽማግሌዎች ወዲያው አይመልሱም። ጋቢያቸውን ያስተካክላሉ፣ ስለ ዝናቡ ያነሳሉ፣ ጠያቂው የማን ልጅ እንደሆነ ይጠይቃሉ። ነገሩ የሚያስደስት አይደለማ! ግን ደግሞ ተጠይቆ መደበቅ በዚያ አገር ክልክል ነውና በመጨረሻ አንገታቸውን ደፍተው ይናገሩታል።

እንደሚነገረው የደንጎሬ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን በጥንት ጊዜ ብዙ የብራና መጻሕፍት ነበሩት፤ ብራና ቆዳ ነውና አይጥ አይምረውም። አንድ ዓመት አይጥ ስንክሳሩን ከጫፉ እስከ መሐሉ በልቶት ካህናቱ በበዓሉ ቀን የሚነበብ አጥተው ተፋጠው ቀሩ ይባላል። ያን ጊዜ ስሙ የተረሳ አንድ መነኩሴ ከቆላ ሲመጣ በአገልግሉ ውስጥ አንዲት ሽምብራ መሳይ ድመት ይዞ መጣ፤ በዓመቱ በዕቃ ቤቱ የአይጥ ኮቴ ጠፋ። ድመቷም ቀዳሚት ተባለች። ካህናቱም የዚህች ድመት ዘር ከመንደር ድመት ጋር እንዳይደባለቅ፣ እናትና ልጅ በስም እየተቆጠሩ እንዲጠበቁ ብለው ጠባቂነቱን ለአንድ ቤት ሴቶች ሰጡ። ከዚያ ወዲህ ጠባቂነቱ ከአማት ወደ ምራት ሲተላለፍ ኖረ።

የድመቷ ዝና ሲወጣ ደግሞ የደንጎሬ ሰው ኩራት ጣሪያ ነካ። ሌላው አገር ስለ ፈረሱ ሲያወራ ደንጎሬ ስለ ድመቱ ያወራ ነበር። «የእኛ ድመት ከጆሮዋ እስከ ጅራቷ አንዲት ነጭ ጠጉር አይገኝባትም» ይሉ ነበር፤ በየገበያው፣ በየለቅሶ ቤቱ፣ ሰው ጠየቃቸውም አልጠየቃቸውም። እንግዲህ ውሸቱ ከዚህ ይጀምራል። አንዳንዴ ጉሮሮዋ ነጭ የሆነ ግልገል ይወለድ ነበር። የሚያዩዋት ጠባቂዋ ሴትና እግዚአብሔር ብቻ ናቸው። ጠባቂዋም ግልገሏን በቅርጫት አድርጋ ወደ ጨሬ ወንዝ ትወርዳለች፤ ባዶ ቅርጫት ይዛ ትመለሳለች፤ ሰው ሲጠይቃት «ሞታ ተወለደች» ትላለች። ይህን አማት ለምራት ስታስረክብ በጆሮዋ ታስረክባት ነበር ይባላል።

እመት የውብዳር ጠባቂነቱን የያዘችው አማቷ ስታርፍ ነው። ባሏን ቀደም ብላ ቀብራ ነበር፤ ልጆቿን ድራለች። ረጅም፣ ቀጥ ብላ የምትሄድ፣ ነጠላዋ ሁልጊዜ የነጣ ሴት ነበረች ይላሉ። ቃሏ እንደ ማኅተም ነበር፤ የድንበር ጠብ ሲነሳ እንኳ «እስቲ እመት የውብዳር ምን ትላለች?» ይባል ነበር። ለእሷ ከዚህ የሚበልጥ ነገር በዓለም አልነበረም። እርሻዋ ሳይታጨድ ቢቀር ይቀላት ነበር፤ ስሟ ላይ ጭቃ ጠብ እንዲል ግን አትፈልግም።

አንድ ዓመት፣ ግንቦት መግቢያ ላይ፣ የአገረ ገዢው ባለቤት ከቀስተ አምባ መልእክት ላከች። አይጥ ጎተራዋን ጨርሶ ወደ ልብሷ ሳጥን ገብቷል፤ ዝናዋን የሰማችላትን የደንጎሬ ድመት አንዲት ሴት ግልገል እንዲልኩላት ትለምናለች። ልታረባት ነው የፈለገቻት፣ ወንድ አይሆናትም። ካህናቱ ደስ አላቸው፤ መንደሩ ደስ አለው፤ እመት የውብዳር ከሁሉ በላይ ደስ አላት። በዚያው ሰሞን ሽምብሬ የምትባለው ድመቷ ወለደች። ሁለት ወንድ አንዲት ሴት። ወንዶቹ ንጹሕ ናቸው። ሴቷን አንስታ አገጯን ቀና ብታደርግ ነጭ!

«አይ የእኔ ነገር!» አለች ብቻዋን። ሌላ የምትሰጠው ሴት ግልገል የላትም፤ ሽምብሬም አርጅታለች፣ ሌላ መውለዷ ያጠራጥራል። የለም ብትል መንደሩ ምን ይላታል? ነጭ አለባት ብትል ደግሞ እስከ ዛሬ በየገበያው የተወራው ሁሉ ምን ሊሆን ነው? አሰበች፣ አወጣች፣ አወረደች። ሰኔ አጋማሽ ላይ፣ ግልገሏ ጡት እንደተወች፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ተነስታ ወደ ጎረቤቷ ወደ ላቀች ቤት ሄደች።

ላቀች የቤተ ክርስቲያኑ መልእክተኛ የቢተው ሚስት ነበረች። ቢተው እግሩ የማይደክም፣ ወሬ የማያበዛ፣ የተሰጠውን ሁሉ እንደተሰጠው የሚያደርስ ሰው ነበር፤ እጣኑም ጧፉም የጳጳሱም ደብዳቤ በእሱ እጅ ይሄዳል። ሴት ልጃቸው ጥላነሽ ለጥር ልትዳር ታጭታለች። ላቀች ለሠርጉ ብላ እንሶስላ በጓሮዋ ተክላ ነበር፤ እንሶስላ ሴቶች ሥሩን ወቅጠው እጅና እግራቸውን የሚያቀሉበት ተክል ነው።

«እስቲ አንድ ሥር ስጪኝ» አለቻት እመት የውብዳር፤ «ተረከዜ ተሰነጣጥቆ አላስኬድ ብሎኛል።»

«ኧረ ምን ገዶኝ እመት! ሁለት ይውሰዱ» አለች ላቀች፤ ቆፍራ፣ አራግፋ፣ በኮባ ቅጠል ጠቅልላ ሰጠቻት። «ለጥላነሽዬ ሠርግ እርስዎም ይቀባሉ እንግዲህ።»

«ባል የሞተባት እንሶስላ ትቀባለች እንዴ? አንቺ ደግሞ!» ብላ እየሳቀች ወጣች። ያንን ሳቅ በኋላ ስታስታውሰው ፊቷን በነጠላዋ ትሸፍን ነበር ይላሉ።

ቤቷ ገብታ መዝጊያውን ቀረቀረች። ሥሩን ወቀጠችው፤ ጣቷ እንዳይቀላባት በእንጨት ጫፍ እያነሳች በግልገሏ ጉሮሮ ላይ ለበጠችው፤ በጨርቅ አሰረችው። ግልገሏ አልጮኸችም፤ አፏን ከፍታ ዝም ብላ አየቻት። ከሦስት ቀን በኋላ ጨርቁ ሲፈታ ነጯ ጠጉር ቀልታ ከሌላው ጋር ተመሳስላለች። የተጠራጠረ ሰው ካልዳሰሳት በቀር አይለያትም፤ የየውብዳርን ቤት ድመት ደግሞ ማን ተጠራጥሮ ይዳስሳል? በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ፣ ካህናቱ ባሉበት፣ ቀጥ ብላ ቆማ የእናቶቿን ስም ከሽምብሬ እስከ ቀዳሚት ቆጠረችና «አንዲት ነጭ ጠጉር የለባትም» ብላ ለቢተው አስረከበችው።

ወደ ቀስተ አምባ የሁለት ቀን መንገድ ነው። በመጀመሪያው ቀን ዝናብ ያዘው። ቢተው ግልገሏ እንዳትበርዳት ጋቢው ውስጥ ከደረቱ ለጥፎ፣ ቀኝ መዳፉን ከአገጯ ሥር አድርጎ፣ ጭንቅላቷን ከውሃ እየከለለ ሄደ። ዝናቡ አላባራ አለ፤ ጋቢው ርሶ ውሃው ወደ ውስጥ ገባ። መሸት ሲል አንድ ጥግ ተጠልሎ ጋቢውን ሲገልጥ መዳፉ ቀልቷል። ደም መሰለው፤ ደነገጠ፤ ግልገሏን ገለባብጦ አየ፤ ቁስል የላትም። ጉሮሮዋ ሥር ግን ነጭ ጠጉር ብቅ ብሏል። መዳፉን አሸተተው። የእንሶስላ ሽታ ደግሞ ከሌላ ጋር አይምታታም፤ በተለይ ሴት ልጁን ሊድር ለተዘጋጀ ሰው።

መመለስ ይችል ነበር። አልተመለሰም፤ የተቀበለውን እስከ ተላከበት ማድረስ እንጂ ሌላ አያውቅም። የቀረው ቀለም እዚያ በደረሰ በሁለተኛው ቀን ግልገሏ ስትልሰው ለቀቀ። ጠጉሯ አጭር ነው፤ ረጅም ጠጉር ቢኖራት ምናልባት ከላይ ያለው የታችኛውን ይሸፍንላት ነበር፤ አጭሩ ግን ምንም አይሸፍንም። የአገረ ገዢው ባለቤት ጉድ ፈላ አለች። የደንጎሬዋ እመት የውብዳር ትዋሻለች ብሎ የሚያስብ ስላልነበረ ጥፋቱ የተላከው ሰው ላይ ወደቀ። ንጹሕዋን ግልገል መንገድ ላይ ለሌላ ሰጥቶ የመንደር ድመት ይዞ ገብቷል ተባለ። ሦስት ቀን አሰሩት፤ ጠየቁት፤ «የተሰጠችኝ ይህችው ናት» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልወጣውም። በመጨረሻ ግልገሏን አስታቅፈው፣ ደንጎሬ ራሱ እንዲፈርድበት ብለው በወታደር መለሱት።

ሰው ሁሉ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ተሰበሰበ። ቢተው መሐል ቆመ፤ በግራ እጁ ግልገሏን ይዟል፣ ቀኝ መዳፉ እንደቀላ ነው፤ እንሶስላ ጠጉር ላይ ባይጸናም ቆዳ ላይ ከያዘ ሳምንታት አይለቅም። አንዱ ቀልደኛ «ቢተው፣ እጅህን ተቀብተህ ሙሽራ ሆነህ መጣህ እንዴ?» አለና ሰው ሁሉ ሳቀ። ያልሳቁት ሁለት ሴቶች ናቸው። አንዷ ላቀች ናት፤ መዳፉን አይታ፣ ቀጥላ ወደ የውብዳር ዞራ ዓይኗን ተከለችባት። ሁለተኛዋ ራሷ የውብዳር ናት። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች ነበር።

አለቃ ዘወንጌል፣ የደብሩ አስተዳዳሪ፣ ሕዝቡን ዝም አሰኙና «እመት የውብዳር» አሉ፤ «ከእርስዎ ቃል በላይ ማስረጃ አንፈልግም። ይህች ግልገል ከእርስዎ ቤት የወጣችው ናት ወይስ አይደለችም?»

ቢተው ግልገሏን መሬት አስቀመጣት። ግልገሏ ግራ ቀኝ አላየችም፤ በሰው እግር መሐል ተሹለክልካ መጣችና የየውብዳርን ቀሚስ ቧጥጣ፣ ነጠላዋን ቧጥጣ፣ ትከሻዋ ላይ ወጥታ ተቀመጠች። አፏን ከፈተች፤ ድምፅ አልወጣትም። ሰው አጉረመረመ። አሁን ብትናገር ኖሮ! አንዲት ቃል እኮ ናት። ምላሷ ጫፍ ላይ ነበረች ይባላል። ግን አለቃ «ከእርስዎ ቃል በላይ» ብለዋታል፤ መንደሩ ሁሉ በአክብሮት አንጋጦ ያያታል፤ ያ አክብሮት ዓይኗ እያየ ሲረግፍ ታያት።

ዓይኗን በጨው አጥባ «አይደለችም» አለች።

«ትከሻሽ ላይ ወጣች እኮ» አለ አንድ ሰው ከኋላ።

«ድመት ሁሉ ትከሻ ይወጣል» አለችና ግልገሏን በሁለት ጣቷ ከአንገቷ ላይ ቆንጥራ አንስታ መሬት ጣለቻት።

ቢተው ቀና ብሎ አያት ብቻ። ያ አስተያየት ቁጣ የለበትም፣ ልመናም የለበትም፤ ሰው የሚመጣበትን መንገድ ቆሞ የሚያይ ሰው አስተያየት ነበር ይላሉ። እሷ ዓይኗን ሰበረች። ከዚያ ፍርዱ ተሰጠ፤ ቢተው ከእንግዲህ የቤተ ክርስቲያን ዕቃ አይዝም፣ ቃሉም ለምስክርነት አይቆጠርም። ጎንበስ ብሎ ግልገሏን ከመሬት አነሳና ወደ ቤቱ ሄደ። በሳምንቱ የጥላነሽ እጮኛ ቤተሰቦች ሽማግሌ ላኩ። «ከለዋጭ ልጅ ጋር አንጋባም» የሚል ነበር መልእክቱ።

ከዚያ በኋላ ስላለው ክረምት የደንጎሬ ሰው ብዙ አያወራም። የውብዳር ውጭ ለውጭ ያው ነበረች፤ ነጠላዋ ነጭ ነው፣ አካሄዷ ቀጥ ያለ ነው። ሰው ከምንጊዜውም በላይ አከበራት፤ ይህ ነው የገደላት። መንገድ ላይ ጎንበስ ብለው ሰላም ባሏት ቁጥር ሰላምታውን በግማሽ መልሳ እርምጃዋን ታፈጥን ነበር። በላቀች ደጅ ማለፍ ትታ ወደ ወንዝ በዞረው መንገድ መሄድ ጀመረች። እዚያ መንገድ ላይ ደግሞ የቅርጫቶቹ ውሃ አለ። ሽምብሬ ልጇን ስትፈልግ ቤቱን ትዞራለች፣ አፏን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። «ተይኝ በናትሽ» ትላታለች የውብዳር፤ «አንቺም እንዲህ አትዪኝ።» ስንት ጊዜ ነጠላዋን ለብሳ ወደ አለቃ ዘንድ ልትሄድ ከደጅ ደርሳ እንደተመለሰች እሷ ታውቃለች። ነገ፣ ከነገ ወዲያ፣ ከፍልሰታ በኋላ፣ ዝናቡ ካባራ ስትል ክረምቱ አለፈ።

በመስከረም አንድ ጠዋት ላቀች መጣች። ወደ ውስጥ አልገባችም፤ ደጃፉ ላይ ቆመች። በአገልግል ውስጥ ግልገሏን ይዛለች፤ አድጋለች፣ ወዟ ያበራል።

«ልንሄድ ነው እመት» አለች፤ «ወንዙን ተሻግረን፣ የማያውቁን አገር። ጥላነሽን እዚህ የሚያገባት የለም። ከብቶቹን ባሌ ትናንት ነድቶ ቀድሟል። ይህችን ግን ልጆቹ እንግዲት ብለው ስም አውጥተውላት ለምደዋት ነበር፤ ሩቅ መንገድ አትችልም ብለን ነው ያመጣናት። የእኔ አይደለችም ማለትዎን አውቃለሁ። ግን ሌላ ባለ ድመት አላውቅም።»

የውብዳር አገልግሉን ተቀበለች። «ላቀች፣ ለምን አልተናገርሽም?» አለች፤ «ሥሩን ቆፍረሽ የሰጠሽኝ አንቺ ነሽ።»

«እሱ ከለከለኝ። ‹እሷ ራሷ ትናገራለች፤ የተከበረች ሴት ናት፣ ጊዜ ስጫት› አለኝ። ክረምቱን ሙሉ ጊዜ ሰጥተንዎት ነበር።»

ይህን ብላ ሄደች። አልተሳደበችም፣ አላለቀሰችም። የውብዳር ግን መድረኩ ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠችና እዬዬ ብላ አለቀሰች ይባላል፤ ባሏ ሲሞት እንኳ እንዲያ አላለቀሰችም።

የመስከረም ሚካኤል ዕለት ቅዳሴ እንዳበቃ ሰው ወደ ቤቱ ከመበተኑ በፊት ደጁ ላይ ቆመች። እንግዲትን አቅፋለች። «አንድ ጊዜ ስሙኝ» አለች። ሰው እንደ ወትሮው በአክብሮት ዝም አለ። ያን ጊዜ የግልገሏን አገጭ ቀና አድርጋ ነጯን ጉሮሮ ለሁሉም አሳየች።

«ይህች ድመት ነጭ አለባት» አለች። «ነጯን በእንሶስላ የቀባሁት እኔ ነኝ። ቢተው አልለወጠም። የቢተው እጅ የቀላው ይህችን ልጄን ከዝናብ ሲሸፍንልኝ ነው። እዚሁ ቆማችሁ ስትጠይቁኝ ካድኳት፤ እሱንም በቁሙ ቀበርኩት። አማቴም ነጭ የተወለዱትን ወንዝ ትጥል ነበር፤ እኔም ሦስት ጥያለሁ።» ግልገሏን ወደ ደረቷ አስጠግታ ቀጠለች። «እናቷ ሽምብሬ ናት። የሽምብሬ እናት ዳማ፣ የዳማ እናት ቡሊት፣ የቡሊት እናት ኩሌ…» እያለች እስከ ቀዳሚት ቆጠረቻት። የካደቻትን ልጅ በስሟ መልሳ ተቀበለቻት።

ሰው እንደሚቆጣ ጠብቃ ነበር፤ ድንጋይም ቢወረወር አይደንቃትም ነበር። የሆነው ግን ሌላ ነው። ሰዉ ሁሉ እግሩን ማየት ጀመረ። ባዶ ቅርጫት ከወንዝ ሲመለስ ያላየ አልነበረምና፣ «ሞታ ተወለደች» ሲባል አይቶ እንዳላየ ማለፉን እያንዳንዱ ያውቃል። ሙሽራ ሆንክ እንዴ ብሎ ያሳቀው ሰው ከሕዝቡ መሐል ወጥቶ ብቻውን ከአጥሩ ጋር ቆመ። አለቃ ዘወንጌል «ከእርስዎ ቃል በላይ ማስረጃ አንፈልግም ያልኩት እኔ ነኝ» ብለው መቋሚያቸውን ከፊታቸው አስቀምጠው ተቀመጡ።

በማግስቱ እመት የውብዳር ግልገሏን አቅፋ ለማንም ሳታስይዝ፣ ሁለት ሽማግሌዎች ከኋላዋ ተከትለዋት፣ ጨሬን ተሻገረች። ቢተውን በሦስተኛው ቀን አገኙት፤ አዲስ ጎጆ ሊሠራ እንጨት ይተክላል። እግሩ ላይ ልትወድቅ ስትል ክንዷን ይዞ አነሳት።

«ይቅር ብያለሁ እመት» አላት። «ያኔውኑ ይቅር ብዬ ነበር።»

«እንግዲያው ተመለስ» አሉት ሽማግሌዎቹ፤ «ፍርዱን ሽረናል፤ ማዕረግህም ይመለሳል።»

ቢተው ራሱን ነቀነቀ። «ያን ቀን መሐል ቆሜ ጠበቅኋችሁ» አለ። «እሷን ብቻ አይደለም። ሃያ ዓመት ዕቃችሁን ስሸከም ታውቁኛላችሁ፤ አንድ ሰው እንኳ ‹ቢተው ይህን አያደርግም› ይላል ብዬ ጠበቅሁ። ልጄን እንዲህ ያለ አገር አልድርም።» እንግዲትን ግን ተቀበለ፤ ትከሻው ላይ ወጣች። ሽማግሌዎቹ ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። በደንጎሬ የሚነገረው እዚህ ላይ ያልቃል፤ ተመልሷል የሚሉ ጥቂቶች ቢኖሩም እነሱም ሲሉት አፋቸውን ሞልተው አይደለም።

ከዚያ ወዲህ ነጭ የተወለደች ግልገል ወንዝ አልወረደችም፤ ዘር በዘር ሆኖ ዛሬ ነጭ የሌለባት የደንጎሬ ድመት አትገኝም። ከዚያ ወዲህም ግልገል በሰው እጅ አይላክም፤ የሚሰጥ ሰው ራሱ ተሸክሞ ያደርሳል። ባለፈው ዓመት እንኳ አንድ የከተማ ሰው ሾፌሩን በመኪና ልኮ ለእናቱ የምትሆን ግልገል ቢጠይቅ፣ ሰማንያ ያለፋቸው አንዲት ባልቴት «ለሾፌር አልሰጥም፣ እኔው አደርሳለሁ» ብለው ከፊት ወንበር ገብተው ተቀመጡ አሉ። ከተማው ውስጥ ከአንድ ትልቅ ቤት በር ሲደርሱ አሮጊቲቱ እናት ሊቀበሏቸው ወጡ። ባልቴቷ የግልገሏን አገጭ ቀና አድርገው ነጯን አሳዩ። የገዛ ነውራቸውን ለመናገር ሲደርሱ ግን ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አደረጉ፤ ለእሳቸው ቤት ሴቶች ከትውልድ ትውልድ የሚነገረው ነውር አንድ ብቻ ነውና።

«እኔ» አሉ፣ «የየውብዳር ዘር ነኝ።»